ተክል ምግቡን ራሱ የሚሰራ ከሆነ ማዳበሪያ ለምን እንጨምርለታለን?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አንዲት እናት ጓሮዋ ውስጥ ቆስጣ፣ ቃሪያና ገና ያላፈራ አንድ ማንጎ አላት። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጇ «ተክል እኮ ምግቡን በቅጠሉ ራሱ ነው የሚሰራው» አለቻት፣ ጎረቤቷ ደግሞ «ማዳበሪያ የተክል ምግብ ነው፣ ካላበላሽው አያድግም» ይላታል። «ራሱ ከሰራ ማዳበሪያው ለምንድነው? ከሁለቱ ማን ነው ልክ?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ልጅሽ ልክ ናት። ጎረቤትሽም ማዳበሪያ ያስፈልጋል ማለቱ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ላይ ነው የሳተው። ተክል ከአፈር ምግብ አይበላም። ስኳሩን፣ ስታርቹን፣ ዘይቱን፣ እንጨቱን ሁሉ የሚሰራው ከአየርና ከውሃ ነው፣ ጉልበቱን ከፀሀይ ወስዶ። በእንጀራ ብታስቢው ዱቄቱ ከአየር፣ ውሃው ከስር፣ እሳቱ ከፀሀይ ነው የሚመጣው፣ ማዳበሪያው ደግሞ ምጣዱ ነው፣ ምጣድ አይበላም ግን ሳይኖር እንጀራ አይጋገርም። እኔ የእፅዋት ሳይንስ ነው የተማርኩት፣ ደሴ ነው የምኖረው፣ ይሄን ጥያቄ ከገበሬም ከተማሪም ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ፣ ግን ብዙውን ጊዜ መልሱ በአንድ መስመር ያልፍና ሰው ሁለቱን ነገር አያገናኝም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አርጌ ልንገርሽ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የክብደቱን ነገር እንጨርስ። የባህር ዛፍ እንጨት አንድደሽ ታውቂያለሽ። አንድ ሙሉ ሸክም እንጨት ነዶ ሲያልቅ ምድጃው ላይ የሚቀረው አመድ ስንት ነው? ጥቂት እፍኝ። ያ አመድ ነው በአብዛኛው ዛፉ ከአፈር የወሰደው፣ ፖታሺየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ትንሽ ፎስፈረስ። ሌላው በጭስና በማይታይ ጋዝ ወደ አየር ሄደ፣ መጀመሪያም የመጣው ከዛ ነበራ። በቁጥር ካየነው ከ100 ግራም ደረቅ ተክል ውስጥ ወደ 90 ግራሙ ካርቦንና ኦክስጅን ነው፣ ወደ 6 ግራም ሃይድሮጅን፣ ከአፈር የመጣው የተረፈው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ካርቦኑ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ከአየር ነው።

ይሄን ነገር መጀመሪያ በሚዛን የሞከረው ቫን ሄልሞንት የሚባል ብራሰልስ የተወለደ ሀኪም ነው፣ ስራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 (በፈረንጅ) ነው። ያደረገው ነገር በጣም ቀላል ነው። በደንብ የደረቀ 90 ኪሎ ገደማ አፈር በትልቅ ማሰሮ አድርጎ አንዲት የአኻያ ችግኝ ተከለ፣ የኛ ወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ዘመድ ማለት ነው፣ ችግኟ 2 ኪሎ ከምናምን ነበረች። አቧራ እንዳይገባ ማሰሮውን ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ከደነው፣ ከዛ 5 አመት ሙሉ የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ነቅሎ ሲመዝናት ወደ 77 ኪሎ ሆናለች፣ በየአመቱ የረገፈው ቅጠል ሳይቆጠር። አፈሩን እንደገና አድርቆ ሲመዝን የጎደለው 57 ግራም አካባቢ ብቻ ነው።

እሱ ከዚህ ተነስቶ ዛፉ የተሰራው ከውሃ ብቻ ነው አለ። ግማሹን አግኝቷል፣ አየሩን ግን አላሰበውም፣ በዛን ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክል ውስጥ ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ከሱ በኋላ ኢንገንሃውስ የሚባል ሳይንቲስት በ1779 ተክል አየርን የሚያድሰው በብርሀን፣ ያውም በአረንጓዴ ክፍሉ ብቻ መሆኑን አሳየ፣ ደ ሶሱር የሚባል ሌላ ሳይንቲስት በ1804 የውሃውንና የአየሩን ድርሻ እየመዘነ አስቀመጠ። እኔን ግን እስካሁን የሚያስገርመኝ ያቺ 57 ግራም ናት። ቫን ሄልሞንት እንደ ሚዛን ስህተት አልፏት ይሆናል፣ ያንቺ ጥያቄ ግን ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ ነው ያለው። በጣም ትንሽ ናት፣ ምግብ ልትሆን አትችልም፣ ግን እሷ ባትኖር አኻያዋ አንድ ቅጠል እንኳን አትጨምርም ነበር። ማዳበሪያ ማለት ያቺ 57 ግራም ናት። የት ገብታ ምን እንደምትሰራ ለማየት ወደ ቅጠሉ እንሂድ።

ከጓሮሽ አንድ የቆስጣ ቅጠል ቁረጪና ገልብጠሽ እይው። ላዩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፣ ስሩ ፈዘዝ ይላል አይደል? አሁን ሙቅ ውሃ በብርጭቆ አርጊና (የፈላ ባይሆንም ጣት የሚያቃጥል ይሁን) ቅጠሉን ንከሪው። ትንንሽ የአየር አረፋዎች ከቅጠሉ ላይ ሲወጡ ታያለሽ። ያ ቅጠሉ ውስጥ የነበረ አየር ነው፣ ሙቀቱ ሲያሰፋው በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ከዛ የማንጎ ቅጠልም ሞክሪ፣ የማንጎው አረፋ በብዛት የሚወጣው ከስሩ በኩል ነው፣ ምክንያቱም እንደ ብዙ ዛፎች ቀዳዳዎቹን ፀሀይ በቀጥታ በማይመታው ጎን ነው የሚያስቀምጠው። ልጅሽ ትምህርት ቤቷ ማይክሮስኮፕ ካለ ደግሞ ቀለም የሌለው ኩቴክስ ከቅጠሉ ስር ቀብታ ሲደርቅ በስኮች ላጥ አርጋ ትየው፣ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ከንፈር የተጋጠሙ ሴሎች በብዛት ይታዩዋታል፣ መሀላቸው ያለው ክፍተት ነው ቀዳዳው፣ ስቶማታ የሚባለው። በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ከአስሮች እስከ መቶዎች ይደርሳሉ።

ቅጠሉን በቀጭኑ ብትቆርጪውና ጎኑን ብታዪው ደግሞ ለምን ላዩ እንደጠቆረ ይገባሻል። ከሁሉም በላይ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን አለ፣ ጥቅል ጎመን ላይ ውሃ ስታፈሺ እየተንከባለለ የሚወርደው በሱ ነው፣ ተክሉ በላዩ በኩል ውሃ እንዳያባክን ነው። ከሱ ስር ብርሀን የሚያሳልፍ አንድ ረድፍ ሴል፣ ከዛ ቀጥ ብለው የቆሙ ረዣዥም ሴሎች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ውስጥ ብዙ ክሎሮፕላስት አለ፣ አረንጓዴዎቹ ነጠብጣቦች ማለት ነው፣ ብርሀኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ስለሆነ ዋናው ስራ እዛ ነው። ከታች ያሉት ሴሎች ግን ተራርቀው፣ መሀላቸው ባዶ ሆኖ፣ አየር እንደልቡ እንዲዞር ሆነው ነው ያሉት፣ ለዛ ነው የቅጠሉ ስር ፈዘዝ የሚለው። የቅጠሉ ደም ስሮች ደግሞ በየቦታው ተዘርግተው ከተክሉ ስር ውሃና ማዕድን ያመጣሉ፣ የተሰራውን ስኳር ይዘው ይሄዳሉ። ይሄ ሁሉ ነገር ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ነገር ውስጥ ነው ያለው፣ እኔ ስንቴም ባየው አይሰለቸኝም።

አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጣም ትንሽ ነው፣ ከ10,000 ሊትር አየር ውስጥ 4 ሊትር ገደማ ብቻ። ተክሉ ይሄን ትንሽ ነገር ለመሰብሰብ ነው ቅጠሉን ሰፊና ስስ አርጎ ይሄን ሁሉ ቀዳዳ የከፈተው።

አሁን የማዳበሪያው ነገሮች የት እንዳሉ ልንገርሽ።

ክሎሮፕላስት ውስጥ ያለው ክሎሮፊል፣ አረንጓዴው ቀለም፣ በመሀሉ አንድ የማግኒዚየም አቶም አለው፣ ዙሪያውን የያዙት ደግሞ 4 የናይትሮጅን አቶሞች ናቸው። ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሀን በደንብ ይይዛል፣ አረንጓዴውን ግን ብዙ ስለማይዘው ወደኛ አይን ይመለሳል። የያዘው ጉልበት ውሃን ይሰነጥቃል። ውሃው የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ 4 የማንጋኒዝ አቶሞችና አንድ ካልሲየም ተቀምጠዋል፣ ኦክስጅኑ ከዛ ይወጣል። ብዙ ሰው ተክል የሚያወጣው ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ከውሃው ነው፣ ሩበንና ኬመን የሚባሉ ሰዎች በ1941 ከበድ ያለ የኦክስጅን አይነት ተጠቅመው አረጋግጠውታል። ከውሃው የወጡት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ መንገዱ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ብረት ያለባቸው ናቸው። ክሎሮፊሉን ለመስራትም ብረት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ብረት የጎደለው ተክል አፈሩ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢሞላለት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል።

ቀጥሎ ጉልበቱ ኤቲፒ በሚባል ነገር ላይ ይጫናል። ኤቲፒ ሶስት ፎስፌት ተቀጣጥለው ያሉበት ነው፣ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ የሚባሉትን ማዳበሪያዎች ስትጨምሪ ከሚገባው ፎስፈረስ ከፊሉ ስራው እዚህ ነው። ስኳሩ ሲሰራም በየደረጃው ፎስፌት ይዞ ነው የሚያልፈው። የበቆሎ ቡቃያ ፎስፈረስ ሲያንሰው ወደ ሀምራዊ የሚያደላውና ድንክ ሆኖ የሚቀረው ስኳሩ እዛው ቅጠል ውስጥ እየታገተ፣ እድገቱም እየቆመ ስለሆነ ነው።

ከሁሉም ትልቁ ግን ናይትሮጅኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየር ይዞ ወደ ስኳር መንገድ የሚያስገባው ሩቢስኮ የሚባል ኢንዛይም ነው (ኢንዛይም ሴል ውስጥ ያለውን ስራ የሚያፋጥን ነገር ነው)፣ ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይሰራም። የሩቢስኮ ችግሩ ቀርፋፋ ነው፣ በጣም። ሌሎች ኢንዛይሞች በሰከንድ መቶዎችና ሺዎች ሲሰሩ እሱ በሰከንድ 3 አካባቢ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ተክሉ ያለው አማራጭ በብዛት ማከማቸት ነው፣ እንደ ቆስጣና ስንዴ ባሉት ቅጠል ውስጥ ካለው የሚሟሟ ፕሮቲን እስከ ግማሹ ድረስ ሩቢስኮ ብቻ ሊሆን ይችላል። አሁን ዩሪያ ለምን እንደምትጨምሪ ገባሽ? ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ያ ናይትሮጅን ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ በዋናነት ሩቢስኮና ክሎሮፊል የተያያዘበት ፕሮቲን ይሆናል። ብዙ ሩቢስኮ ያለው ቅጠል ብዙ አየር ይይዛል፣ ብዙ ስኳር ይሰራል፣ ጎረቤትሽ «በላና አደገ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ግን የጨመረው ክብደት ዩሪያው አይደለም፣ ክብደቱ ከአየር ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ስለኛ አካባቢ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ሩቢስኮ ቀርፋፋ ብቻ ሳይሆን ይሳሳታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ ሲገባው ኦክስጅን ይይዛል፣ ተክሉም ያንን ለማስተካከል የሰራውን መልሶ ያባክናል። ሙቀት ሲጨምር ስህተቱ ይብሳል። እዚህ ደሴ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ብርዱ ስላለ ገብሱም ስንዴውም ባቄላውም ብዙ አይጎዳም። ሀረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ 1,850 ገደማ ላይ ነሽ፣ ከዛም ወደ ሀርቡና ከሚሴ ስትቀጥይ ሙቀቱ እየጨመረ ማሽላው ይገንናል። ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ሲ ፎር የሚባሉት ውስጥ ናቸው። ቅጠላቸው ውስጥ ደም ስሩን የከበቡ ወፈር ያሉ ሴሎች አሉ፣ ሌላ ፈጣን ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውጪኛዎቹ ሴሎች ሰብስቦ እነዛ ውስጥ ያጭቀዋል፣ ሩቢስኮ በዛ ተከቦ ሲሰራ ኦክስጅን የመያዝ እድሉ ይቀንሳል። መንገዱን ሃችና ስላክ የሚባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ በሸንኮራ አገዳ ሰርተው በ1966 አሳትመውታል። ጥቅሙ ሶስት ነው፣ በሙቀት አይሸነፍም፣ ደግሞ ብዙ ሩቢስኮ ስለማያስፈልገው በትንሽ ናይትሮጅን ብዙ ይሰራል፣ ቀዳዳውንም ብዙ መክፈት ስለማይጠበቅበት ውሃ ይቆጥባል። ጤፍ ከነዚህ ወገን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኔ ግን በየክፍሉ እናገረዋለሁ። ያንቺ ቆስጣ፣ ቃሪያና ማንጎ ግን እንደ ስንዴው ናቸው፣ ይሄ ጥበብ የላቸውም።

ፖታሺየም ቀርቶኛል። ቀዳዳዎቹን የያዙት ሁለት ሴሎች ሲነጋ ፖታሺየም ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ፣ ውሃ ይከተለዋል፣ ይነፋሉ፣ ቀዳዳው ይከፈታል። ውሃ ሲያጥር ፖታሺየሙ ይወጣል፣ ይሟሽሻሉ፣ ይዘጋል። ተክሉ እዚህ ላይ ያለበት ጣጣ ቀላል አይደለም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲገባ ሲከፍት ውሃው በዛው ይወጣል፣ ስር ከሚስበው ውሃ ከመቶ 97 እና ከዛ በላዩ እንዲሁ ተንኖ ነው የሚሄደው። የኮምቦልቻ ቀትር ላይ ቆስጣሽ ሲጠወልግ ብታዪ ቀዳዳው እየተዘጋ ነው ማለት ነው፣ ሲዘጋ ደግሞ አየር አይገባም፣ ፀሀዩ ምንም ቢበረታ ምግብ መስራቱ ይቀንሳል። ለዛ ነው ጠዋት ማጠጣት የሚሻለው፣ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ብርሀኑም ባለበት ሰአት ውሃው ስሩ ጋ ይደርሳል።

አንድ ሰው «አየሩ ውስጥ 78 በመቶ ናይትሮጅን አለ አይደል፣ ለምን ከዛ አይወስድም?» ሊልሽ ይችላል። የአየሩ ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በጣም ተጣብቆ ስለሆነ ቅጠል ሊያላቅቀው አይችልም። የሚያላቅቁት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ባቄላና አተር ስር ላይ ያሉት እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩት። ባቄላ ነቅለሽ እብጠቱን ብትሰነጥቂው ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ እየሰራ ነው። ደጋ ያሉ ገበሬዎች ባቄላን ከገብስ ጋር የሚያፈራርቁት ለዚህ ነው፣ አባቶቻችን ባክቴሪያውን ሳያዩት ጥቅሙን ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ጓሮሽ። ጎረቤትሽ ካላበላሽው አያድግም ሲል የሚያሳስበኝ ሰው የደከመ ተክል ሲያይ ዝም ብሎ ማዳበሪያ ማብዛቱ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን እይ። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን ነው የጎደለው፣ ተክሉ ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ እየሰጠ ነው። አሮጌው ቅጠል ደም ስሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ቢጫ ከሆነ ማግኒዚየም ነው። ያው መልክ በአዲስ ቅጠል ላይ ከታየ፣ በተለይ ማንጎው ላይ፣ ብረት ነው፣ ያኔ ዩሪያ ብትከምሪ ምንም አይፈይድም፣ ብዙ ጊዜ ብረቱ አፈር ውስጥ አለ ግን አፈሩ ኖራ ስለበዛበት ስሩ ሊወስደው አልቻለም። አመድ ደግሞ ፖታሺየምና ካልሲየም ይሰጣል፣ ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ስለሄደ ዩሪያን ወይም ፍግን አይተካም፣ ደሞም አመድ እንደ ኖራ ስለሆነ ማንጎው ብረት ካጠረው ያብስበታል።

ማንጎው በግድግዳ ወይም በባህር ዛፍ ጥላ ስር ከሆነ ማዳበሪያ አትልፊበት፣ የጎደለው ብርሀን ነው፣ ብርሀን በከረጢት አይሸጥም። የከባድ መኪና መንገድ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ በበጋ አቧራው ቅጠሉን ይሸፍነዋል፣ ብርሀኑን ይከለክላል፣ በሳምንት አንዴ በውሃ እጠቢው፣ ትንሽ ስራ ነው ግን ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ዩሪያ የምትጨምሪ ከሆነ በትንሽ በትንሹ፣ ከግንዱ ራቅ አርገሽ፣ አፈር አልብሰሽ ወዲያው አጠጪው። ፀሀይ ላይ ከተውሽው ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ሽታው እየሸተተሽ ወደ አየር ይሄዳል። ካበዛሽው ደግሞ እንደ ጨው ሆኖ ውሃውን ከስሩ ይከለክለዋል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ ያኔ ማዳበሪያ ጨምረሽ አይሻለውም፣ ብዙ ውሃ አፍስሰሽ ወደ ታች እንዲወርድ ማድረግ ነው ያለው።